ኤሲ ብርድ አይሠራም

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምንኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ቤታችን የቆርቆሮ ክዳንና የችፑድ ኮርኒስ ያለው ነው። ወንድሜ ከሳዑዲ ሲመለስ 18 ሺህ ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ኤሲ ይዞልን መጣ። 4 በ4 የሆነው ሳሎናችን ውስጥ አሰቀልነው። ባለቤቴ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብሎ 16 ላይ ያደርገዋል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹የሚበላው ማብራት ማጥፋቱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይብራ› ትላለች። እኔ ልጆቹ እንዳይታፈኑ ብዬ መስኮቱን ገርበብ አደርጋለሁ። ወር ያደርሰን የነበረው የካርድ ቆጣሪ ሂሳብ በሁለት ሳምንት አለቀ። የሰቀለልን ልጅ ‹ጋዙን በየዓመቱ አስሞሉ› ብሎናል። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ እህቴ፣ እውነቱን ልናገርና ማናችሁም አይደላችሁም። አይቀየሙኝ። እነዚህን ነገሮች በየሳምንቱ እሰማለሁ። ባንክ ቤት እሰማለሁ፣ ሆቴል እሰማለሁ፣ አንዳንዴም ከሙያ ባልደረቦቼ አፍ እሰማለሁ። እኔ ራሴ ጀማሪ ሆኜ ጋምቤላ ስሠራ ግማሾቹን አምን ነበር። ጋምቤላ ላይ ስህተት ቶሎ አይጋለጥም። ኤሲው ቀንም ሌትም ስለሚሠራ የሁሉም ሰው ሂሳብ ያስደነግጣል። ጅማ ግን ሌላ ናት። የተቀመጥነው ከባህር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ከሰዓት በኋላው ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሌሊቱ ግን ብርድ ልብስ ያስጎትታል። ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ያለ ዘመድ የሚሰጠን ምክር አብዛኛው ለእኛ አይሆንም።

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ኤሲ ብርድ የሚባል ነገር ፈጥሮ አይረጭም። ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል፣ ሥራው ይኸው ነው። ውስጥ የተሰቀለው የሳሎኑን አየር እየሳበ በቀዝቃዛ ቱቦዎች መሀል ያሳልፈዋል። በቱቦው የሚሄደው ጋዝ ሙቀቱን ይቀበላል። ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ውጭ ያለው ፋን ሙቀቱን ግቢ ውስጥ ይደፋዋል። ኤሲው እየሠራ እጅዎን ከውጭው ፋን ፊት ቢዘረጉ የሚሰማዎት ወበቅ የራስዎ ሳሎን ሙቀት ነው።

እንግዲህ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ በጣሳ ውሃ እየጨለፈ የሚያወጣ ሰው ያስቡ። ሰውየው ብርቱ ይሁን። ቀዳዳው ካልተደፈነ ግን ሲጨልፍ ያድራል። በሰዓት የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ ኪስዎ ያልቃል። የካርዳችሁ ነገር ይኸው ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ 16 እንምጣ። ሪሞቱ ላይ የሚታየው ቁጥር ኤሲው የት እንደሚያቆም ይነግረዋል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጥን አይነግረውም። ባጃጅ ውስጥ «አጂፕ ወራጅ አለ» ሲሉ የት እንደሚወርዱ ተናገሩ እንጂ ሹፌሩን አላፈጠኑትም። ተራ ኤሲ፣ ማለትም ጉልበቱን የሚለዋውጠው «ኢንቨርተር» የሚባለው ዓይነት ያልሆነው፣ ኮምፕረሰሩ ከተነሳ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት ነው የሚሠራው። 16 ብትሉትም 25 ብትሉትም ከ29 ወደ 25 ለመውረድ የሚወስድበት ጊዜ እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 25 የተባለው እዚያ ሲደርስ ያርፋል። 16 የተባለው ይቀጥላል። ኢንቨርተር የሆነው ወደተባለው ቁጥር ሲቃረብ ጉልበቱን ስለሚቀንስ ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ግን እሱም መጀመሪያ ላይ ባለው አቅሙ ሁሉ ነው የሚሠራው። 16 ማለት ለእሱም «በፍጹም እንዳታርፍ» ማለት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ውጭ 29 ዲግሪ ነው እንበል። ቤቱን 24 ላይ ቢይዙት የውስጥና የውጭ ልዩነት 5 ነው። 16 ላይ ለመያዝ ቢሞክሩ 13 ይሆናል። በግድግዳና በበር ስንጥቅ የሚገባው ሙቀት ልዩነቱን ተከትሎ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ኤሲው ጨልፎ የሚያወጣው ሙቀት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያውን ገና አልነካሁትም። የቆርቆሮ ቤት ደግሞ እውነት ለመናገር 16 ላይ አይደርስም። ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፣ አይደርስም።

የሚያስቀኝ ነገር ልንገርዎት? ሳሎኑን 16 የሚያደርገው ሰው ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ኧረ ብርድ! ዝጉት!» የሚለው ራሱ ነው።

25 ወይም 26 ላይ ያድርጉትና አንድ ተራ ፋን ይጨምሩበት። ፋን ከ50 እስከ 70 ዋት ቢበላ ነው፣ ከኤሲው አጠገብ ምንም ማለት አይደለም። አየሩ ሲንቀሳቀስ ላብ ቶሎ ስለሚደርቅ 26 ዲግሪ 24 መስሎ ይሰማዎታል። ግን ፋን የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍልን አይደለም። ማንም በሌለበት ክፍል የሚዞር ፋን ሞተሩ የሚያወጣትን ሙቀት ከመጨመር ሌላ ምንም አይሠራም። የኤሲውን አየር ማውጫ ምላስ ደግሞ ወደ ላይ ያንሱት። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ራሱ ይወርዳል። ወደ ልጆቹ ቀጥ ብሎ እንዲመጣ አያድርጉት።

ጎረቤትዎ ያለችው ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ኮምፕረሰር ሲነሳ መብራቱ ብልጭ ብሎ ደብዘዝ ይላል። ሰው ያን ሲያይ «ይሄ ነው የሚበላው» ይላል። መነሻው ላይ የሚስበው ኮረንቲ ከፍ ማለቱ እውነት ነው። ግን ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ጉልበቱን በጊዜ አባዝቶ ነው። ያቺ ቅጽበት ቆጣሪው ላይ ፍርፋሪም አትሞላ። ከቤት ለሦስት ሰዓት ከወጡ ያጥፉት። ባዶ ቤት አቀዝቅዞ መቆየት ማንም ሳይኖር ከሙቀት ጋር ሲታገሉ መዋል ነው፣ ቤቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ከውጭ የሚገባው ሙቀት ስለሚበዛ። ለአሥር ደቂቃ ሱቅ ደርሶ ለመምጣት ግን አይነካኩት። አጥፍቶ ወዲያው ማብራትም ኮምፕረሰሩን ይጎዳል። ውስጡ ያለው ግፊት እስኪመጣጠን ቢያንስ 3 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ጎረቤትዎ ይህን ማለቷ ከሆነ ልክ ናት።

የእርስዎ መስኮት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ የገንዘብ ብቻ ያልሆነ ነገር አለ።

ብዙ ሰው ውጭ የተሰቀለው ማሽን አየር ከውጭ ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ይመስለዋል። አያስገባም። በሁለቱ መሀል ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ጋዝ ብቻ ነው የሚያመላልሱት። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ያው አየር ነው እየተሽከረከረ የሚቀዘቅዘው። ስለዚህ «እንዳይታፈኑ» ያሉት ሐሳብ መሠረት አለው። መፍትሔው ግን ኤሲው እየሠራ መስኮት ገርበብ ማድረግ አይደለም። ያ ጣሪያውን እየቀደዱ ውሃ መጨለፍ ነው። ኤሲውን ከማብራትዎ በፊት በርና መስኮቱን ከፍተው ቤቱን በደንብ ያናፍሱ። ከዚያ ይዝጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያጥፉና እንደገና ይክፈቱ። በተራ ቤት በበር መክፈትና መዝጋት የሚገባው አየርም ቀላል አይደለም።

የገንዘብ ብቻ አይደለም ወዳልኩት፣ ወደ ከሰል ልሂድ። አንድ ቤት «ኤሲው ራስ ምታት አመጣብን» ተብዬ ተጠራሁ። ስገባ በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ መጋረጃው ወርዷል። ኤሲው 18 ላይ ይሠራል። ከሥሩ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ ምድጃው ላይ ከሰል ፍም ሆኖ ጀበናው ይንተከተካል። ዕጣኑ ይጨሳል። እናትየው ግንባሯን በሻሽ አስራለች። ትንሹ ልጅ ሶፋው ላይ ድክም ብሎ ተኝቷል። መጀመሪያ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ቀጥሎ ምድጃውን አንስቼ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ስለ ኤሲው ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አይሸትም፣ አይታይም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ ድካም፣ ከበዛ ሞት ነው። ኤሲ ይህን ጋዝ አያጣራም፣ አያወጣም። ቀዝቀዝ አድርጎ መልሶ ያስተነፍሳችኋል። ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆኑ ደግሞ «አየሩ ንጹሕ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል። በክረምት ከሰል አስገብቶ በር መዝጋት እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል። በበጋ ኤሲ ተከፍቶ ሲሆን ግን ይረሳል። ጅማ ላይ ተቀምጬ ቡና አታፍሉ ልል አልችልም፤ ከከተማው ያባርሩኛል። በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ወይም ኤሲው ጠፍቶ በርና መስኮቱ ይከፈት።

የዚያን ቤት ፊልተር ያን ዕለት አውጥቼ አጠብኩት። የውስጡን ክፍል ክዳን ወደ ላይ ሲያነሱት የሚታየው ወንፊት ነው፣ ያለ ምንም መፍቻ ይወጣል። ቧንቧ ሥር ሳደርገው የወረደው ውሃ የቡና አተላ ይመስላል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ ቅባት አለው። ዕጣኑ ይጨመርበታል። አቧራው እዚያ ላይ ይለጠፋል። አየር የማያሳልፍ ፊልተር ያለው ኤሲ አፍንጫው በታፈነ ሰው ይመሰላል፤ ይደክማል እንጂ አይሠራም። ቡና በሚቆላበት ቤት በየሁለት ሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠብ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ይመለስ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ባለሙያ አይጥሩ።

ከሁሉም በላይ ሂሳባችሁን የሚበላው ግን ሌላ ነው። ነገ 9 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ወንበር ላይ ይውጡና መዳፍዎን ኮርኒሱ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ግድግዳውን ይንኩ። ግድግዳው ቀዝቀዝ ብሎ ኮርኒሱ እንደ ተተኮሰ ልብስ ከሞቀ ነገሩ ተገለጸ። ቆርቆሮው ከላይ እጅ አያስነካም። ከሥሩ ያለው አየር ይግላል። ችፑዱ ይግላል። 16 ካሬ ሜትር የሆነ ማሞቂያ ጭንቅላታችሁ ላይ ተሰቅሎ ኤሲው ከሥሩ ይታገለዋል። የድሮ ሰው ጭቃ ቤት ሲሠራ ግድግዳውን አወፍሮ፣ ክዳኑን ሣር አድርጎ ነበር። ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሄደው ይዩት፤ ሰፊው በረንዳ ፀሐይን ከግድግዳው ያርቃታል። እኛ ቆርቆሮውን አምጥተን ጥላውን ተውነው።

ምን ይደረግ? ርካሹ ነገር በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል ያለው አየር መውጫ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። በሁለቱም ጫፍ፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በሚታየው ግድግዳ ላይ፣ ቀዳዳ ይከፈትና በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ወንፊቱ ለአይጥና ለወፍ ነው። ዝናብ እንዳይገባ ከላይ ትንሽ ቆርቆሮ ጎንበስ ይበልበት፤ በእኛ ከተማ ዝናብ ይህን መርሳት አይቻልም። ቀጥሎ የኮርኒሱ ጀርባ ላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር ማንጠፍ ነው። ፎምም ይሁን የመስታወት ጥጥ፣ የተገኘው ይሁን፤ ፎም ከሆነ ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይነካው ያስጠንቅቁ። ክዳኑ ቀለም መቀባት ካለበት ነጭ ወይም ፈካ ያለ ይሁን። ጥቁር ቀይ ያምራል፣ ግን ፀሐይን ይጠጣል።

ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካለ መጋረጃው ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ቢሆን ይሻላል። መስታወቱን አልፎ የገባ ፀሐይ ገብቷል፤ ከውስጥ መጋረጃ ብታወርዱበት ሙቀቱ እዚያው ነው። የሰሌን ምንጣፍ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ግቢያችሁ ውስጥ በዚያ በኩል አቮካዶ ካለ ደግሞ እባክዎ እንዳያስቆርጡት። ያለ ቆጣሪ የሚሠራ ኤሲ ነው።

ጅማ የሰጠችን ትልቁ ነገር ሌሊቱ ነው። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ መስኮት መክፈት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ሳይገባ መዝጋት። ለወባ ትንኝ መስኮቱ ላይ ወንፊት ይደረግ፣ አጎበሩም አይቅር። አንድ እንግዳ ማረፊያ ቤት ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ ሲሠራ አግኝቻለሁ። ውጭ 14 ዲግሪ ነበር። ሰውየው ለብርድ ልብሱም ለኤሲውም ይከፍላል።

አሁን በጣም የምፈልገውን ነገር ልጠይቅዎት። ወንድምዎ ኤሲውን ያመጣው ከሳዑዲ ነው ብለዋል። የውጭው ክፍል ጎን ላይ የተለጠፈች ሰሌዳ አለች። እሷ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡልኝ። የሳዑዲ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የእኛ 50፤ ሄርዝ ማለት ኮረንቲው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ነው። ቮልቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ሰው «ሰካሁት፣ ሠራ» ይላል። ተራ ኮምፕረሰር ለ60 ተሠርቶ በ50 ሲነዳ ፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፣ የሚስበው ኮረንቲ ይጨምራል፣ ይግላል። አንድ ሁለት ዓመት ይቆይና ይቃጠላል። ያኔ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ሰሌዳው «50/60» ካለ ወይም ኢንቨርተር ሆኖ 50 የሚል ካለበት ችግር የለም።

ስለ መጠኑም ልናገር። 18 ሺህ ቢቲዩ ለ16 ካሬ ሜትር ሳሎን በዛ። የእኛ አየር ከባህር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ኤሲ እዚህ ትንሽ አቅም ያንሰዋል። ጣሪያውም ይጨመርበት። ሁሉንም ቆጥሬ 12 ሺህ ይበቃችሁ ነበር። ሱቅ ውስጥ 1.5 የፈረስ ጉልበት የሚሉት ማለት ነው። «ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል?» ይላል ሰው። ትልቁ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ወዲያው ይነሳል፣ ይቆማል። እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ቀዝቃዛና እንደ ጓዳ የረጠበ ይሆናል። እርጥበትን ማውጣት ትርፍ ሥራ እንዳይመስልዎት። ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ዘመናዊ ኤሲ የሠራው ለሰው ምቾት አልነበረም። ብሩክሊን የሚገኝ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በእርጥበት እየተበላሸበት ስለተቸገረ ነው። አንዴ ከመጣ ግን አይሽጡት። ወደ መመገቢያው ወይም ወደ ልጆቹ ክፍል የሚወስደውን በር ይክፈቱለትና ለሁለት ክፍል ይሥራ።

«ጋዝ በየዓመቱ» ያላችሁን ልጅ በአንድ ጥያቄ ይያዙት። ፍሪጃችሁ ስንት ዓመቱ ነው? በየዓመቱ ጋዝ ማን ሞላለት? ኤሲም እንዲሁ ነው። ጋዙ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቱቦዎቹ የተገጠሙበት ዳዶ ላይ ነው። የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚያፈሰውን ሳያገኝና ሳይዘጋ ጋዝ የሚሞላ ሰው ገንዘባችሁን ሰማይ ላይ እየለቀቀው ነው። ሲሞላም በእጁ ግምት ሳይሆን በሚዛን ይመዝን፤ ስንት ግራም እንደሚገባው ያቺው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። አር-22፣ አር-410ኤ፣ አር-32 የሚባሉት የተለያዩ የጋዝ ዓይነቶች ናቸው፣ አይቀላቀሉም። አር-32 ደግሞ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለሆነ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ የሚሠራ ሰው ካዩ በትሕትና ይሸኙት።

ከጋዝ ጋር የሚሄድ አንድ ቀልድ የመሰለ ነገር አለ። አንዱ ደንበኛ ደስ ብሎት ደወለልኝ። «ኧረ ጉድ ነው፣ ቱቦው በረዶ ሠራ! እንዴት ያለ ጎበዝ ኤሲ ነው!» አለኝ። በረዶ የሠራ ኤሲ ታሟል። ወይ ፊልተሩ ተደፍኗል፣ ወይ ጋዙ ጎድሏል። በረዶው አየር ማለፊያውን ዘግቶት ክፍሉ እንዲያውም እየሞቀ ነው የሚሄደው። ያጥፉት፣ በረዶው እስኪቀልጥ ፋኑን ብቻ ያስኬዱ፣ ፊልተሩን ይጠቡ። ከተመለሰ ባለሙያ ይጥሩ። ከውስጡ ክፍል ውሃ ሲንጠባጠብም ብዙዎች ጋዝ ፈሰሰ ብለው ይደነግጣሉ። ጋዝ እንደ ውሃ አይንጠባጠብም። ከአየሩ የወጣው እርጥበት ነው፤ መውጫ ቱቦው በቆሻሻ ወይም በነፍሳት ተደፍኖ ነው።

የውጭውን ክፍል ሌባ እንዳይወስደው ብለው በቆርቆሮ ሣጥን እንዳላሸጉት ተስፋ አደርጋለሁ። ያወጣውን ሙቀት መልሶ ይውጠዋል። ዝናብን አይፈራም፣ ለዝናብ ነው የተሠራው። ሌባ ካሰጋችሁ አየር የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ይበየድለት።

ስለ መብራቱ። ኤሲ በኤክስቴንሽን አይሰካም። አንድ ቤት ሶኬቱ እንደ ማስቲካ ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሮ አግኝቻለሁ። የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ምጣድ በተጣደበት ሰዓትም አያብሩት። ግልገል ጊቤ አንድ ብቻውን 184 ሜጋ ዋት እያመነጨ አጠገባችን ቢሆንም መብራታችን እንደሚሄድ እናውቃለን። ሲሄድ ኤሲውን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ይታገሡ፤ ሲመጣ ቮልቱ ይዋዥቃል። ቮልት የሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ጥሩ ነው፣ ግን ዕቃ ይጠብቃል እንጂ ሂሳብ አይቀንስም። ሶኬት ላይ ተሰክታ «ግማሽ ሂሳብ ትቆጥባለች» እየተባለች የምትሸጠዋን ትንሽ ሣጥን ግን እንዳይገዟት። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረውን ነገር አትቀንስም።

ካርዱ ለምን እንዳለቀ አሁን ይታያል። የእናንተ ኤሲ ሲሠራ 1.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። 16 ላይ ሆኖ ሳያርፍ 8 ሰዓት ከሠራ በቀን ከ13 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። በ25 ላይ፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ብቻ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ግማሹን ጊዜ እያረፈ ከሠራ 2.5 ገደማ ነው። የ3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በአንድ ሰዓት ተኩል ጋገራ 5 ይበላል። ማለትም በአግባቡ የተያዘ ኤሲ የሁለት ቀን ሥራው ከአንድ ጋገራ አይበልጥም። ታሪፉ ደግሞ ደረጃ አለው። አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል።

ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ካለ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያስታውሱት። ሥራውን ገልብጦ ከውጭ ያለውን ሙቀት ወደ ቤት ያስገባል። ተራ ማሞቂያ በአንድ ኪሎ ዋት አንድ ኪሎ ዋት ሙቀት ሲሰጥ፣ ይሄ በአንዱ ሦስት ያህል ይሰጣል። ልብስ አልደርቅ ሲል፣ ልጆቹ ሲበርዳቸው፣ ከከሰል ምድጃ በብዙ ይሻላል። ብዙ የጅማ ሰው ይህን ዕቃ የካቲት ላይ ብቻ ያውቀዋል።

እንግዲህ ያቺን ሰሌዳ ዛሬውኑ አንብበው ይጻፉልኝ። 60 ሄርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ እስክንነጋገር ድረስ አያብሩት።